ቀስ ብሎ ስለሚድን የእጅ አንጓ ስብራትና በመዝገብ ላይ ስለሚጻፍበት ፊደል

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ፊደል ልንጽፍ አስበናል። ነገሩም የደረሰው በቤታችን ስለ ሆነ ከመጀመሪያው አንሥተን እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ከአሜሪካ አገር የመጣ አንድ መንገደኛ ለእኅታችን አንድ ፖስታ አምጥቶ ሰጣት። በፖስታው ላይ የተጻፈው ስም የእርሷ ነው፤ የእጅ ጽሕፈቱን ግን በቤት ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ፊደሉ የተጣመመ፤ መስመሩም ወደ ላይና ወደ ታች የሚወላገድ፤ ገና ፊደል የሚቈጥር ሕፃን የጻፈው ይመስል ነበር። እኅታችንም ልጄ ምን ሆና ነው በሰው እጅ ያጻፈችው ብላ ደነገጠች፤ ለመክፈትም ስለ ፈራች ፖስታውን እንደ ታሸገ ይዛ ወደ እኛ መጣች።

ከፍተን ብናነበው የጻፈችው ልጂቱ ራሷ ናት። ነገር ግን በግራ እጇ ነው የጻፈችው።

ይህች ልጅ የምትኖረው ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ነው፤ ሥራዋም በአንድ ሆቴል የመኝታ ክፍሎችን ማጽዳት ነው። በጥር ወር ማለዳ ወደ ሥራ ስትሄድ በረዶ አዳልጧት ወደቀች፤ ስትወድቅም ቀኝ መዳፏን ዘርግታ መሬት ተመረኰዘች። አራት ወር ሙሉ ይህን ለእናቷ አልነገረችም። በስልክ በተነጋገሩ ቍጥር ደኅና ነኝ ትል ነበር፤ በየወሩ ትልከው የነበረው ገንዘብ ግን ከየካቲት ጀምሮ ስለ ተቋረጠ እናቲቱ ሥራ ፈትታ ይሆናል ብላ ታስብ ነበር። በደብዳቤው ውስጥ የሐኪም ቤቱ ወረቀቶች ግልባጭና ከጤና መድን ማኅበሩ የተላከ አንድ ደብዳቤ ተጨምረዋል። የመድን ማኅበሩ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። መዝገቡ እንደሚያሳየው ስብራቱ በወጉ በመዳን ላይ ያለ ነውና ሌላ ምርመራም ሆነ የእጅ ማሳሻ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ስለዚህ አንከፍልም። ልጂቱም ከታች «ጋሼ፤ እርስዎ የመዝገብ ሰው ነዎትና ከነዚህ ወረቀቶች የተሳሳተው የቱ እንደ ሆነ ይዩልኝ፤ እጄ አልዳነም» ብላ ጽፋለች።

እኛ ሐኪም አይደለንም። ነገር ግን መዝገብ ስንጽፍና ስናነብ ብዙ ዘመን ኖረናል፤ ስለዚህ ወረቀቶቹን ዘርግተን ተቀመጥን። ከዚህ በታች የምንገልጸው በዚያን ጊዜ የተማርነውን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ አጥንቱ። የእጅ አንጓ ተሰበረ ሲባል ለብዙ ሰው አንድ ነገር ይመስለዋል። አንጓ ግን አንድ አጥንት አይደለም፤ ከክንድ የሚመጡ የሁለት ረዣዥም አጥንቶች ጫፍና እንደ ጠጠር በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች የሚገናኙበት ስፍራ ነው። ሰው መዳፉን ዘርግቶ ሲወድቅ አዘውትሮ የሚሰበረው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት ጫፍ ነው፤ አጥንቱንም ሐኪሞች ራዲየስ ይሉታል። አብርሃም ኮልስ የሚባል የደብሊን ከተማ ሐኪም ስለዚህ ስብራት በ1814 ዓ.ም. ጽፎ ስላስታወቀ ስሙ እስከ ዛሬ ድረስ በስብራቱ ላይ ቀርቷል። ራጅ የተገኘው በ1895 ዓ.ም. ነውና ኮልስ የጻፈው በዓይኑ አይቶና በእጁ ዳስሶ ብቻ ነበር። በጐልማሳ ሰው ላይ ይህ ስብራት ብዙውን ጊዜ በ6 ሳምንት ገደማ በጀሶ ታስሮ ይገጥማል።

ሁለተኛው ከስምንቱ ትንንሽ አጥንቶች አንዱ ነው፤ ስሙ ስካፎይድ ይባላል፤ በግሪክ ቋንቋ ታንኳ መሰል ማለት ነው። መጠኑ ትንሽ ሲሆን መዘዙ ብዙ ነው። አውራ ጣታችንን ወደ ላይ አቅንተን ስንዘረጋ በአንጓው ጎን አንዲት ጎድጓዳ ስፍራ ትታያለች፤ በቀድሞ ዘመን ሱረት የሚስቡ ሰዎች ትንባሆውን የሚያኖሩባት ስለ ነበረች ሐኪሞች የሱረት ሣጥን ብለው ይጠሯታል። ሰው በእጁ ወድቆ ይህች ስፍራ ስትጫን ያመመችው እንደ ሆነ ስካፎይዱ መሰበሩ ይጠረጠራል። በመጀመሪያው ቀን የሚነሣው ራጅ ስንጥቁን ሳያሳይ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ሐኪም ራጁ ምንም ባያሳይ እንኳ እጁን አስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ቈይቶ እንደ ገና ይመረምራል። የእኅታችን ልጅ በሄደችበት ሐኪም ቤት ግን አልተሰበረም ተብላ በጨርቅ ብቻ ተጠቅልላ ተሰናበተች፤ ሁለት ሳምንትም አልጋ ስታነጥፍና ወለል ስትወለውል ሰነበተች። እጇ አላስተኛት ሲል ተመልሳ ብትሄድ በሁለተኛው ራጅ አጥንቱ በወገቡ ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ።

አጥንት ሲሰበር በመካከሉ ደም ይረጋል። በረጋው ደም ስፍራ አስቀድሞ ለስላሳ፤ ኋላም ጠንካራ የሆነ አዲስ አጥንት እየበቀለ ሁለቱን ክፋዮች ያያይዛል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ደም የሚደርሰው እንደ ሆነ ነው። ወደ ስካፎይድ የሚገባው ደም አብዛኛው በጣቶች በኩል ባለው ጫፍ ገብቶ ወደ ክንድ በኩል የሚመለስ ነውና አጥንቱ በወገቡ ሲሰበር በክንድ በኩል ያለው ክፋይ ውሃ ይጠማዋል፤ ቦይ በመካከል ሲደፈን የታችኛው እርሻ እንደሚደርቅ ማለት ነው። ስለዚህ ስካፎይድ ለመግጠም ከ8 እስከ 12 ሳምንት፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ይፈልጋል። ትንባሆ ማጨስና የስኳር በሽታ፤ የምግብ ጕድለትና በቶሎ አለመታሰርም መዳኑን ያዘገዩታል። ልጂቱ ትንባሆ አታጨስም፤ የስኳር በሽታም የለባትም። እነዚያ ሳይታሰር የቀረባቸው ሁለት ሳምንቶች ግን ሳይጐዷት አልቀሩም ብለን እናስባለን።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል። ቀስ ብሎ የሚድን ስብራት ማለት ሊገጥም ከሚገባው ጊዜ ያለፈ፤ ሆኖም መዳኑን ያልተወ ነው። ያልገጠመ ስብራት ማለት መዳኑን ጨርሶ የተወ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ሲተረጕም ከተሰበረ 9 ወር ያለፈውና በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ምንም የመዳን ምልክት ያላሳየ ብሏል። ሦስተኛው ተጣምሞ የገጠመ ነው። ሦስቱም ለበሽተኛው ሕመም ናቸው፤ ለሐኪሙም ለከፋዩም ግን ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንመለስ። በሽታን በስም ከመጻፍ ይልቅ በቍጥርና በፊደል መጻፍ የተጀመረው ሙታንን ለመቍጠር ነበር። በለንደን ከተማ በየሳምንቱ ይታተም የነበረውን የሙታን ዝርዝር መርምሮ ጆን ግራውንት በ1662 ዓ.ም. መጽሐፍ አወጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት ዊልያም ፋር በእንግሊዝ አገር የሞት ምክንያቶች በሥርዓት እንዲመደቡ ብዙ ደከመ። በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ላይ ዣክ በርቲዮን የተባለ ፈረንሳዊ ዝርዝሩን አቀረበ፤ የሰፋው ዝርዝር 161 አርእስት ነበረው። ይህም ዝርዝር በየጊዜው እየታረመ ሄዶ በ1948 ዓ.ም. ስድስተኛው እርማት በዓለም የጤና ድርጅት እጅ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ የሙታን ብቻ ሳይሆን በሕይወት ያሉ ሰዎች በሽታና ጉዳትም የሚመዘገብበት ሆነ። አሥረኛው እርማት በ1990 ዓ.ም. ተቀባይነትን አገኘ፤ አሥራ አንደኛውም ከ2022 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ጸንቷል።

የአሜሪካ መንግሥት አሥረኛውን እርማት ወስዶ ለራሱ ሐኪም ቤቶች እጅግ አስፍቶታል፤ በሥራ ላይ የዋለውም ጥቅምት 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በውስጡ ከ70000 የሚበልጥ መለያ ይገኛል። ይህን ያህል ብዛት ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ፤ እኛም በመጀመሪያ ብለን ነበር። ነገር ግን ከእርሱ በፊት በነበረው መዝገብ ቀኝ እጅና ግራ እጅ አይለይም ነበር፤ በየካቲት ግራ እጁን የሰበረ ሰው በሰኔ ቀኝ እጁን ቢሰብር መዝገቡ ሁለቱን በአንድ ምልክት ይጽፋቸዋል። ዳኛ ፊት ይህን ይዞ የሚቀርብ ጸሐፊ ምን እንደሚባል እናውቃለንና ብዛቱን አልነቀፍንም።

በልጂቱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ኤስ 62.024 የሚል ነበር። አፈታቱም እንዲህ ነው። ኤስ በአደጋ የደረሰ ጉዳት መሆኑን ያሳያል። 62 የአንጓና የእጅ ስብራት ነው። ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው 0 ስካፎይድን፤ 2 የአጥንቱን መካከለኛ ሲሶ፤ 4 ደግሞ ቀኝ እጅ መሆኑንና ክፋዮቹ ከስፍራቸው አለመናወጣቸውን ይናገራል። ልብ ማለት የሚገባው፤ የራዲየስ ጫፍ ቢሆን ኖሮ ቍጥሩ 52 ይሆን ነበር፤ ያ በክንድ ክፍል የሚመዘገብ ነውና። በአነጋገር ሁለቱንም አንጓ እንላቸዋለን፤ በመዝገብ ግን ጎረቤታሞች እንጂ ቤተ ሰብ አይደሉም። የኮልስ ስብራትም ራሱን የቻለ ቍጥር አለው፤ በቀኝ እጅ ሲሆን ኤስ 52.531 ይባላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰባተኛ ሆና የምትጻፍ አንዲት ፊደል አለች። የነገራችንም ሥር እርሷ ናት። ስድስቱ ምልክቶች የተሰበረው ምን እንደ ሆነ ይናገራሉ፤ ሰባተኛዋ ግን አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ትናገራለች። ለስካፎይድ ስብራት ሥርዓቱ እንደዚህ ነው። ሐኪሙ ዋናውን ሕክምና በሚሰጥበት ጊዜ ቆዳው ያልተከፈተ እንደ ሆነ ኤ፤ የተከፈተ እንደ ሆነ ቢ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ በሽተኛው ለክትትል ሲመላለስ በወጉ የሚድን ከሆነ ዲ፤ ቀስ ብሎ የሚድን ከሆነ ጂ፤ ያልገጠመ ከሆነ ኬ፤ ተጣምሞ የገጠመ ከሆነ ፒ ይጻፋል። ስብራቱ ካለፈ በኋላ የተረፈ መዘዝ ሲኖር ኤስ ይሆናል። ለራዲየስ ግን ክፍት ቍስሉ በየደረጃው ስለሚለይ ፊደሎቹ 16 ይደርሳሉ። አንባቢ እንዳይታክት አንዘረዝራቸውም። በዓለም የጤና ድርጅት አሥረኛ መዝገብ ደግሞ ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ እዚያ ቀስ ብሎ የሚድን ስብራት ራሱን ችሎ ኤም 84.2፤ ያልገጠመው ኤም 84.1፤ ተጣምሞ የገጠመውም ኤም 84.0 ተብሎ ይጻፋል።

በአንድ ነገር ደስ እንዳለን ሳንናገር አናልፍም። የአወዳደቋ ምክንያትም በመዝገቡ አለ፤ በበረዶ ላይ አዳልጦት የወደቀ ሰው ዳብሊው 00.0 የሚል ይጻፍበታል። ይህ ምልክት አጭር ስለ ሆነ ሰባተኛዋ ፊደል ስፍራዋን እንዳትስት በመካከል ሁለት ጊዜ ኤክስ ይገባበታል። እኛም በፍርድ ቤት መዝገብ ባዶ መስመር ሲተርፍ ሰረዝ እንስባለን። እኛ የምናደርገው ተንኰለኛ እንዳይጨምርበት ነው፤ እነርሱ ደግሞ ቍጥሩ እንዳይዛባ ነው። ቢሆንም ጸሐፊ በየአገሩ ባዶ ስፍራን እንደሚፈራ አይተን ፈገግ አልን።

አንዲት ፊደል ምን ታህል ነገር ናት የሚል ቢኖር እርሱ የክስ መዝገብ አንብቦ አያውቅም። ገደለ በሚለው ቃል ፊት ተ ብትጨመር ገዳዩ ሟች ይሆናል። በልጂቱ ወረቀቶች ሁሉ ላይ፤ ከመጀመሪያው ክትትል እስከ አራተኛው፤ በሰባተኛው ስፍራ የተጻፈችው ዲ ነበረች። ዲ ማለት በወጉ በመዳን ላይ ያለ ማለት ነው። እንግዲህ የመድን ማኅበሩ ጸሐፊ በሩቅ ተቀምጦ ያነበበው ይህን ነው። እጇ ማበጡን አላየም፤ ሌሊት የምታለቅሰውን አልሰማም፤ ያነበበው ዲ የምትል ፊደል ነው። ባነበበውም ፈረደ፤ እርሱን ብቻ ልንወቅሰው አልቻልንም።

ይልቁንም ማን እንደ ሳተ ለማወቅ የሐኪሙን ቃል ከፊደሏ ጋር እያስተያየን አነበብን። በዚያ አገር ደንብ መለያውን የሚጽፈው ጸሐፊ በሽታውን በራሱ ሐሳብ ሊሰይም አይችልም፤ ሐኪሙ የጻፈውን ይከተላል። ሐኪሙ ዝም ያለባቸው አንዳንድ ነገሮች በደንቡ የተወሰነ ግምት አላቸው፤ ይኸውም ስብራቱ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ ካልተጻፈ ዝግ፤ መናወጡ ወይም አለመናወጡ ካልተጻፈ የተናወጠ ተብሎ ይቈጠራል። ስለ መዘግየቱ ግን እንዲህ ያለ ግምት የለም። ጊዜው ስለ ረዘመ ብቻ ጸሐፊው ጂ ሊጽፍ አይገባውም፤ ሐኪሙ ዘግይቷል ማለት አለበት። ይህ ደንብ መልካም ነው። ምስክር ያልተናገረውን የሚጽፍ ጸሐፊ ምንም ቸር ቢሆን ሐሰተኛ ነው።

በሦስተኛው ክትትል ሐኪሙ ስንጥቁ ገና ይታያል፤ ጀሶው ይቈይ ብሎ ጻፈ እንጂ ዘግይቷል አላለም። በአራተኛው ግን ስብራቱ መዳኑ ዘግይቷል ብሎ በግልጽ ጽፎ ሲቲ ስካን እንዲነሣ አዘዘ። መለያውን የጻፈው ሰው ግን ከቀደመው ወረቀት ላይ እንዳለ ገልብጦ ዲን ደገመ። ስሕተቱ ይህ ነው። እኛም እንደዚህ ያለውን ስሕተት እናውቀዋለን፤ ከድካም የሚመጣ ነው፤ የትላንቱን መዝገብ አይቶ የዛሬውን መጻፍ የጸሐፊ ሁሉ ፈተና ነው።

ለልጂቱ በስልክ እንዲህ አልናት። በአሜሪካ አገር በ1996 ዓ.ም. በወጣው ሕግና እርሱን ተከትሎ በወጣው ደንብ በሽተኛ የራሱን መዝገብ ግልባጭ የማግኘትና ስሕተት ያለበት እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ለሐኪም ቤቱ በጽሑፍ አመልክቺ፤ የአራተኛውን ቀን የሐኪም ቃልና በዚያው ቀን የተጻፈውን መለያ ጎን ለጎን አያይዢ፤ ቀን ጻፊበት፤ ግልባጩንም አስቀሪ። ለመድን ማኅበሩም ነገሩ እንደ ገና እንዲታይልሽ በተወሰነው ቀን ውስጥ ይግባኝ በይ። እርሷም «የሦስተኛውንስ ቀን እንዲለውጡልኝ ልጠይቅ ወይ? ያን ጊዜም እኮ አልዳነም ነበር» አለችን። ነገሩ ከበደን። የሦስተኛው ቀን ሒሳብ ከኪሷ የሚከፈል ነበር፤ ኪሷም ባዶ ነበር። አሠሪዋ በ1993 ዓ.ም. ሕግ መሠረት ስፍራዋን ጠብቆ የሚሰጣት ደመወዝ የሌለው ፈቃድ 12 ሳምንት ስለ ሆነ እርሱም አልቋል። ሆኖም በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ አልተናገረምና አትጠይቂ አልናት። እናቷ በዚህ ነገር ጥቂት ቀን አኰረፈችን።

ይግባኙ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ፊደሏ ወደ ጂ ታረመች፤ ሲቲ ስካኑና ከዚያ በኋላ ያለው ሕክምና ተከፈለ። የሦስተኛውን ቀን ዕዳ በየወሩ እየከፈለች ጨረሰችው።

ወደ አገራችን ጉዳይ ስንመለስ፤ በዚህ ነገር ላይ አንድ ጥያቄ መጣብን። በእኛ ዘንድ እጁ የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። በሦስተኛው ወር አልድን ሲለው ወደ ሐኪም ቤት ይመጣል። ይህ ሰው በአሜሪካው መዝገብ ቢጻፍ ፊደሉ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው ጂ ይላል፤ ዘግይቷልና። ደንቡ ግን ኤ ነው የሚለው። ሰውዬው ሕክምና ሳይፈልግ ዘግይቶ መጥቶ ገና ዋናው ሕክምና ሲጀመርለት የመጀመሪያው ፊደል ይጻፋል። ጂ የምትጻፈው አጥንቱ ሲዘገይ ነው እንጂ ሰውዬው ሲዘገይ አይደለም። ይህ ልዩነት ለቍጥር ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስለን፤ አንደኛው የአጥንቱን ጠባይ፤ ሁለተኛው የእኛን ጠባይ ይናገራል።

ወጌሻን ለመንቀፍ አንጽፍም። ሐኪም በሌለበት አገር የስንቱን ወለምታ አሽተው፤ የስንቱን ውልቃት መልሰው እንዳቆሙት እናውቃለን። አንድ ነገር ግን ሳንናገር ብናልፍ በደል ይሆንብናል። ስብራትን በሸንበቆ ወይም በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር እጅን ያሳጣል፤ ሥጋ ሲያብጥ ማሰሪያው አይሰፋምና ደም ይቋረጣል። የታሰረ ሰው ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፤ ከደነዘዙ፤ ከጠቈሩ፤ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ እጅግ ከባሰ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ እስኪነጋ አይጠበቅ። ጀሶም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በዚህ ምክንያት እጃቸው የተቈረጠ ሕፃናት አሉ።

ለእናቶቻችን ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። ዕድሜዋ የገፋ ሴት ደጃፍ ላይ ተሰናክላ በቀላሉ ስትወድቅ አንጓዋ ከተሰበረ፤ እርጅና ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ አጥንት እየሳሳ የሚሄድበት በሽታ አለ፤ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያ የሚታወቀው በዚህ ስብራት ነው። ይህ በሽታ ያለባት ሴት ጤነኛ አጥንት በማይሰበርበት ቀላል አወዳደቅ ስትሰበር በአሜሪካው መዝገብ ስብራቷ በአደጋ ክፍል በኤስ ሳይሆን በአጥንት በሽታ ክፍል ኤም 80 ተብሎ ይጻፋል፤ ጥፋቱ የመሬቱ ሳይሆን የአጥንቱ ነው እንደ ማለት ነው። ለዚህ በሽታ መድኃኒት ስላለው አጥንቱ ከገጠመ በኋላም ሐኪምን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አንጓዋን የሰበረች እናት ነገ ዳሌዋን እንዳትሰብር ነውና።

የእኅታችን ልጅ ሲቲ ስካን ስትነሣ አጥንቱ በአንድ ወገን ይዞ በሌላው ወገን ገና ክፍት ሆኖ ተገኘ። ፊደሏ ከጂ አልፋ ኬ ላይ ሳትደርስ ማለት ነው። ሐኪሞቹም ከመከሩ በኋላ በነሐሴ ወር ትንሽ ብሎን አስገቡላት። ይህ ብሎን ራስ የሌለው፤ ጨርሶ አጥንቱ ውስጥ የሚቀበር ነው፤ እንዲህ ያለውን ብሎን በአውስትራሊያ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቲሞቲ ኸርበርት ከባልደረባው ጋር በ1984 ዓ.ም. አስታውቆ ነበር። ሁለቱ ጫፎቹ ጥርሳቸው ስላልተካከለ ሲጠመዘዝ ሁለቱን ክፋዮች እርስ በርስ ያቀራርባቸዋል። በጥቅምት ወር አጥንቱ ገጠመ። የጨበጣ ኃይሏ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ የራሰ ፎጣ ስትጨምቅ ዛሬም በግራ እጇ ትረዳዋለች። ሆቴሉም በስፍራዋ ሌላ ሰው ቀጥሮ ስለ ነበር አሁን የምትሠራው በሌላ ቤት ነው።

በታኅሣሥ ወር ሁለተኛ ፖስታ ደረሰ። ፊደሉ የቀና፤ መስመሩም የተስተካከለ ነበር። እኅታችን በፖስታው ላይ የተጻፈውን ስሟን እንኳ አንብባ ሳትጨርስ ጽሕፈቱን አወቀችው፤ ወደ እኛም አላመጣችውም፤ እዚያው በራፏ ላይ ቆማ ከፈተችው።